ኤንዮ ሞሪኮኔ፦ ፊልሙን ላላየ ጆሮ የደረሰ ሙዚቃ

ጣሊያናዊው የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ኤንዮ ሞሪኮኔ እ.ኤ.አ. በ2020 በተወለደባት ሮም በ91 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ሙዚቃ የሠራላቸው ፊልሞችና የቴሌቪዥን ሥራዎች ቁጥር ከ400 አልፎ ነበር። ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹን ዛሬ ፈልጎ የሚያያቸው ሰው እምብዛም የለም፤ ሙዚቃቸው ግን በሸክላ፣ በሲዲ፣ አሁን ደግሞ በስልክ ይደመጣል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ ትዝታ ነው፤ ሙዚቃው ሲሰማ ተዋናዩ ክሊንት ኢስትውድ ዓይኑን አጥብቦ፣ ሲጋራውን ነክሶ ከፊታችን ይቆማል። ይህ ለከፊሉ አድማጭ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል። ሞሪኮኔ ወደ ፊልም ከመግባቱ በፊት የሸክላ ሰው ነበር፤ ሙዚቃን የሚያስበው ወረቀት ላይ በሚሰፍር ኖታ ብቻ ሳይሆን ማይክሮፎን በሚይዘው ድምፅ ነው። ሥራው ያለ ምስል መቆም የቻለው ለዚህ ነው።

አባቱ ማሪዮ ትራምፔት ነፊ ነበር። ልጁም በሮሙ የሳንታ ቼቺሊያ ኮንሰርቫቶሪ ትራምፔት ተምሮ፣ የሙዚቃ ድርሰትን ከጎፍሬዶ ፔትራሲ ቀሰመ። እንጀራ የሆነለት ግን ለአርሲኤ የጣሊያን የሸክላ ኩባንያ ዘፈን ማቀናበር ነበር። የዘፈን አቀናባሪ የሚፈረድበት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ነው፤ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ጆሮው ካልተያዘ ጣቢያ ይቀይራል። ሞሪኮኔ እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው የጃኒ ሜቺያ «ኢል ባራቶሎ» ውስጥ የሚንከባለል ጣሳ ኳኳታ አስገባ፤ ለኤዶአርዶ ቪያኔሎ የባሕር ዳር ዘፈን ደግሞ የውኃ መንቦጫረቅ ጨመረለት። ከገበያው ሥራ ጎን ለጎንም ኑኦቫ ኮንሶናንሳ ከተባለው የሙከራ ቡድን ጋር፣ የተጻፈ ኖታ በሌለበት እዚያው እየፈጠረ ትራምፔቱን ይነፋ ነበር። ማንኛውም ድምፅ በቦታው ከገባ ሙዚቃ ይሆናል የሚለውን እምነት ከሁለቱም ወገን አጠናከረ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛው፣ የፊልም ዳይሬክተሩ ሰርጂዮ ሊዮኔ እ.ኤ.አ. በ1964 «ኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ»ን ሲሠራ ገንዘቡ ጥቂት ነበር፤ እንደ ሆሊውድ ትልቅ ኦርኬስትራ የሚያስቀጥር አልነበረም። ሞሪኮኔ ፉጨት፣ የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ጅራፍ፣ ደወልና መዘምራን ይዞ ገባ። የሚያፏጨው አሌሳንድሮ አሌሳንድሮኒ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በመጣው «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ» መክፈቻ ላይ ካዮቴ የሚባለውን የአሜሪካ አውሬ ጩኸት የሚመስል፣ በሁለት ኖታ መካከል ፈጥኖ የሚመላለስ ጥሪ አለ። ይኸው አንድ ጥሪ ከፊልሙ ሦስት ገጸ ባሕርያት ለደጉ በዋሽንት ይመጣል፤ ለክፉው ኦካሪና በሚባል ከተተኮሰ ጭቃ በሚሠራ ትንሽ የትንፋሽ መሣሪያ፤ ለአስቀያሚው በሰው ጉሮሮ። ዜማው ያው ነው፤ የተለወጠው የድምፁ ቀለም ብቻ ነው፤ አድማጩ ግን ሦስት ሰው ለይቶ ያውቃል። ያንኑ ዜማ በፒያኖ ብቻ ብንጫወተው ሦስቱም አንድ ይሆናሉ።

«ይህን ኃይል የሰጠው የሊዮኔ ካሜራ ነው፤ ምስሉ ባይኖር ሙዚቃው ማንንም አይነካም ነበር» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ክብደት አለው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1968 ለወጣው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ዋና ዋናዎቹ ዜማዎች የተደረሱት ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ሊዮኔም በቀረጻ ቦታ ላይ እያሰማ ተዋንያኑን በእሱ ያንቀሳቅስ ነበር። ተዋናይቷ ክላውዲያ ካርዲናሌ ከባቡር ጣቢያው ስትወጣ ካሜራው ቀስ ብሎ ከጣሪያው በላይ ከፍ ይላል፤ የሚያነሣው የዘፋኟ ኤዳ ዴሎርሶ ቃል አልባ ድምፅ ነው። እዚህ ላይ የተከተለው ምስሉ ነው። በዚያው ዓመት የኦርኬስትራ መሪው ሁጎ ሞንቴኔግሮ የ«ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ»ን መክፈቻ እንደገና ቀርጾ በአሜሪካ የቢልቦርድ ሠንጠረዥ 2ኛ ደረጃ አድርሶታል። ሸክላውን ያለ ምንም ምስል ገዝቶ የሰማው ሕዝብ ብዙ ነው። ሞንቴኔግሮም ዜማውን ብቻ አልወሰደም፤ ፉጨቱንና የጉሮሮ ድምፁን ጭምር ለመያዝ ደክሟል።

ሌላው ነቀፌታ ይህ ሁሉ የድምፅ ብልጠት ነው፣ ጅራፍና ፉጨቱ ሲወሰድ የሚቀር ነገር የለም የሚለው ነው። ለዚህ ከ«ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ» ሙዚቃ «ዚ ኤክስታሲ ኦፍ ጎልድ»ን ማድመጥ ይበቃል። ፒያኖ አንዲት አጭር ሐረግ ሳያቋርጥ ይደጋግማል፤ በላዩ ኢንግሊሽ ሆርን የተሰኘው፣ ከኦቦ ወፈር ያለ ድምፅ ያለው መሣሪያ ዜማውን ይጀምራል፤ ቀጥሎ ዴሎርሶ ያለ አንዳች ቃል ትቀበለዋለች። ከዚያ ከበሮው፣ መዘምራኑና የነሐስ መሣሪያዎቹ በየተራ ይጨመራሉ፤ አንዱ ሲገባ የቀደመው አይታፈንም። ይህ የፔትራሲ ተማሪ ሥራ ነው፤ የቅንብር ዕውቀት ለሌለው አይመጣም። የሮክ ባንዱ ሜታሊካ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኮንሰርቱን የሚከፍተው በዚሁ ነው፤ ከአዳራሹ ታዳሚ ስንቱ ፊልሙን አይቶ ይሆን?

ከ400 በላይ ሥራ ውስጥ ድካም የሚታይበት፣ ራሱን የሚደግም አለ፤ ይህ አይካድም። የካውቦይ (ዌስተርን) ፊልሞቹም ከሥራው ጥቂቱ ናቸው፤ የ1986ቱ «ዘ ሚሽን» እና የ1988ቱ «ሲኒማ ፓራዲሶ» ያለ ጅራፍና ያለ ፉጨት ሆድ ያባባሉ። የኦስካር ሸላሚዎች በ2007 የክብር ሽልማት ሰጡት፤ በውድድር ያሸነፈው ግን በ2016፣ በ«ዘ ሄትፉል ኤይት»፣ በ87 ዓመቱ ነው። እጅግ ዘግይተዋል።

ሞሪኮኔን ገና የማያውቅ አንባቢ ፊልሙን ሳያይ በ1966ቱ የ«ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ» ሸክላ ይጀምር። ኦርኬስትራውን የሚመራው ብሩኖ ኒኮላይ ነው። «ዚ ኤክስታሲ ኦፍ ጎልድ» ከሦስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥምና ሁለት ጊዜ ይስማው፤ መጀመሪያ ዜማውን፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ድምፅ የሚገባበትን ቦታ እየተከተለ።