የመኪና የኋላ በር ለምን ይወድቃል? የደከመ የጋዝ ሾክ አደጋና አቀያየር

ከሚሴ፦ እሑድ የሰንበቴ፣ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ሲቆም በመንገድ ዳር ከሚደረደሩት ተሽከርካሪዎች መካከል የኋላ በሯ በዱላ የተደገፈ ትንሽ መኪና ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ባለ ንብረቱ አንገቱን አቀርቅሮ ከበሩ ሥር የሽንኩርት ጆንያውን ይጎትታል። ጆንያው ዱላውን ገፋ ካደረገው በሩ የሚያርፈው ማጅራቱ ላይ ነው። በትንንሽ መኪናዎች ላይ የዚህ በር ክብደት ከነመስታወቱ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ መቆለፊያው ደግሞ ጫፉ ላይ የተገጠመ ብረት ነው።

በሩን ያለ ዱላ ሊይዘው ይገባ የነበረው ግራና ቀኝ የሚታየው ቀጭን ጥቁር ዘንግ ነው። መካኒኮች በተለምዶ «ሾክ» ይሉታል። ስሙን ከጎማው ሾክ ቢዋስም ሥራቸው ይለያያል። የጎማው ሾክ የመኪናውን ንጥረት ያበርዳል እንጂ ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው። የበሩ ሾክ ግን ራሱ ተሸካሚ ነው፤ ሞላውም በውስጡ የታመቀው ጋዝ ነው።

ሲሊንደሩ ከፋብሪካ ሲወጣ በናይትሮጅን ተሞልቶ ይደፈናል። ናይትሮጅን ሰው ከሚተነፍሰው አየር 78 በመቶ የሚኾነውን የሚይዝ፣ የማይቀጣጠልና ብረትን የማያዝግ ጋዝ ነው። ከጋዙ ጋር ጥቂት ዘይት ይጨመራል። ዘይቱ ዘንጉ የሚወጣበትን አፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት እንዳይደርቅ ያደርጋል፤ በሩ እስከ መጨረሻው ሲከፈትም እንዳይላተም ፍጥነቱን ይገታል። እንዲህ ዓይነቱን ዘንግ በብዛት ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 የጀርመኑ ስታቢለስ ኩባንያ ሲኾን፣ ዛሬ ከመኪና በር አልፎ በቢሮ ወንበርና በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳይቀር ይገኛል።

በዚህች ቀጭን ዕቃ ውስጥ ያለው ግፊት ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። ዘንጉ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው የጫፉ ስፋት ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይኾናል። በዚህች ጠባብ ቦታ 40 ኪሎ ግራም የሚያነሳ ኀይል ለማግኘት ጋዙ 80 ባር ያህል መታመቅ ይኖርበታል። የትንሽ መኪና ጎማ ከ2 ባር ጥቂት ከፍ ባለ ግፊት የሚነፋ በመኾኑ፣ በሾኩ ውስጥ ያለው ግፊት ከጎማው ከሠላሳ እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር በኋላ አሮጌው ሾክ ወዴት ይጣል የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ይፈለጋል።

20 ኪሎ ግራም ለማይበልጥ በር ይህን ያህል ኀይል ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ያለው ሾኩ በሚታሰርበት ቦታ ላይ ነው። የበሩ ክብደት መሐል ከማጠፊያው ግማሽ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሾኩ ግን ማጠፊያው አጠገብ፣ 12 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ርቀት ይገፋል። ጆንያን በተዘረጋ እጅ መያዝና ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝ አንድ እንዳልኾነ ሁሉ፣ ሾኩም ለአጭር ክንዱ የሚከፍለው ዋጋ አለ። 20 ኪሎ ግራሙን በሩን አግድም ለመያዝ በድምሩ ከ80 ኪሎ ግራም በላይ ግፊት ያስፈልጋል፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ40 በላይ ይደርሰዋል። አንደኛው ሲሞት ሌላው ብቻውን ሊችለው የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው። በሩ ላይ ተጨማሪ ጎማ ወይም የዕቃ ማሰሪያ ማስገጠም ደግሞ ጤነኛውንም ሾክ ያለ ጊዜው ያደክመዋል።

ሾክ የሚሞተው በአብዛኛው ከጎማ ቀለበቱ ነው። በዘንጉ ላይ የሚያርፍ የጥርጊያ መንገድ አቧራ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቀለበቱን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል። ጆንያ ሲወጣና ሲገባ ዘንጉን የሚቧጭረው ነገርም አለ፤ በጥፍር የሚዳሰስ አንድ ጭረት ጋዙ ቀስ በቀስ ለማምለጥ በቂው ነው። የቦርከና ሸለቆ ሙቀትም ጎማውን ያደርቃል። ጭነት በዝቶ በሩ ሳይዘጋ በገመድ ታስሮ ረጅም መንገድ ሲኬድ ደግሞ በሩ በየጉድጓዱ ሾኩን ይደበድበዋል፤ ምናልባትም ከሁሉም የከፋው ልማድ ይህ ነው።

የዞኑ አሽከርካሪዎች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ጉዳይ የአየር ጠባይ ነው። ጋዝ ሲሞቅ ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይደክማል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲለወጥ የሾኩ ኀይል 3 ነጥብ 4 በመቶ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደብረ ብርሃን 2 ሺህ 800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ በ30 ዲግሪ ሙቀት ከሚሴ የጫነ መኪና ጣርማ በርን ወጥቶ ሌሊት በ5 ዲግሪ ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ ቢራገፍ፣ ሾኩ ከኀይሉ 8 በመቶ ያህሉን አጥቷል። አዲስ ሾክ ይህን አይሰማውም። በድካም አፋፍ ላይ ያለው ግን ከሚሴ ላይ «ደኅና ነው» ተብሎ ደብረ ብርሃን ላይ በሰው ጭንቅላት ላይ ይወርዳል። በሩ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚወርድ ከኾነ ጊዜው ደርሷል።

ሌሎቹ ምልክቶች ግልጽ ናቸው። በሩ በእጅ ካልተገፋ አይከፈትም፤ ግማሽ ላይ ሲለቁት ይወርዳል፤ በዘንጉ ላይ አቧራ የያዘ የዘይት እርጥበት ይታያል። በሩ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ የሚዘጋ ከኾነ ደግሞ አንደኛው ሾክ ቀድሞ ሞቷል።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ አሁን የሚያነጋግረው መኪናዎች ከባለቤቶቻቸው ጋር ስለሚቆዩ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎችን ወደ ሀገር ማስገባትን እጅግ አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ ከኤሌክትሪክ ውጭ የኾኑ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ሀገር ውስጥ ያሉት ቪትዝና ያሪስን የመሳሰሉ የነዳጅ መኪናዎች እየተጠገኑ መኖር ግድ ኾኖባቸዋል፤ የኋላ በራቸውም እንዲሁ።

መለዋወጫውን ለመግዛት አሮጌውን ፈትቶ ይዞ መሄድ ይመረጣል። በሲሊንደሩ ላይ በኒውተን የተጻፈ ቁጥር ይገኛል፤ 10 ኒውተን ከ1 ኪሎ ግራም ጋር ስለሚቀራረብ 400 ኒውተን የሚል ጽሑፍ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ርዝመቱ ከአንዱ ጫፍ ማሠሪያ መሐል እስከ ሌላው መሐል ይለካል፤ የዘንጉ ርዝመትና የጫፎቹ አሠራርም መግጠም አለባቸው። «ጠንካራው ይሻላል» ብሎ ቁጥሩ የበለጠውን መግዛት ስህተት ነው። ከልክ ያለፈ ሾክ በሩን ለመዝጋት ያስቸግራል፣ ማጠፊያውንም ያጣምማል። ሁለት ሾክ ባለው መኪና ላይ ሁለቱንም አብሮ መቀየር ይገባል። ያገለገለ ሾክ የሚገዛ ሰው ዘንጉን ጣውላ ላይ አስደግፎ በሰውነቱ ክብደት ቢጫነው፣ ደኅነኛው በዝግታ ገብቶ ሲለቁት ራሱ ይመለሳል። በእጅ ብቻ በቀላሉ የሚገባው ወይም ገብቶ የሚቀረው ገንዘብ አያወጣም።

ሥራው ራሱ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ጠፍጣፋ ካቻቢቴና አንድ ረዳት ይበቃሉ። መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ይቆማል። በሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ረዳቱ በሁለት እጁ ይይዘዋል፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው የማይንሸራተት ጠንካራ ቋሚ እንጨት ያስፈልገዋል። ሾኩ ያለ ድጋፍ ከተፈታ በሩ ወዲያውኑ ይወርዳልና ይህ ደረጃ የሚዘለል አይደለም። በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ የሾኩ ጫፎች ክብ ራስ ባላቸው ብሎኖች ላይ የተሰኩ ሲኾኑ በቀጭን የብረት ቅንጥብ ይቆለፋሉ። ቅንጥቡን በካቻቢቴው ጫፍ ጥቂት ቀና ማድረግ ብቻ በቂ ነው፤ ጨርሶ ከወጣ በቀላሉ ይጠፋል። ከዚያ ሾኩ ወደ ጎን ሲጎተት ይላቀቃል። በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ጫፉ በብሎን ስለሚታሰር ልኩን የጠበቀ ቁልፍ ይፈልጋል።

አዲሱ የሚገጠመው በሩ ሲዘጋ ዘንጉ ወደ ታች፣ ወፍራሙ ሲሊንደር ወደ ላይ እንዲኾን ተደርጎ ነው። እንዲህ ሲኾን ዘይቱ በጎማ ቀለበቱ ላይ ያርፋል፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ቀለበቱ ይደርቅና ሾኩ ቶሎ ይሞታል። ጫፉ በብሎኑ ራስ ላይ «ቋ» እስኪል በእጅ ይገፋል፤ በመዶሻ አይመታም። ዘንጉ በፒንሳ አይያዝም፣ ግሪስም አይቀባም፤ ግሪሱ አቧራ ይሰበስባል። ሁለተኛው የሚፈታው የመጀመሪያው ከተገጠመ በኋላ ነው። በአንዳንድ መኪናዎች ሾኩ የኋላ መስታወት ማሞቂያ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሽቦ ካለ ሳይበጠስ መነቀል አለበት። በአዝራር የሚከፈት በር ያላቸው አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ደግሞ በዘንጉ ውስጥ ሞተር ያለው በመኾኑ ይህ አሠራር ለእነርሱ አይሠራም።

የቀረው አሮጌው ሾክ ነው። በሩን መሸከም ያቃተው ዘንግ ባዶ ይመስላል እንጂ አብዛኛው ጋዝ ውስጡ ሊኖር ይችላል፤ ኀይሉ ሩብ ያህል ቢቀንስም 60 ባር ይቀረዋል። የሚቆርጠው፣ የሚበየደው ወይም እሳት ውስጥ የሚከተው ሰው ፊት ላይ ሊፈነዳ፣ ዘንጉም እንደ ጥይት ሊወነጨፍ ይችላል። በዞኑ አሮጌ ብረት አይጣልም፤ ለቁራሌው ይሸጣል ወይም አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ ማጭድና ማረሻ ይኾናል። ሾክ ግን ወደ አንጥረኛ ከሰል ፈጽሞ መግባት የለበትም። ጋዙን የማስወጣት ሥራ ሲሊንደሩን አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳና የዐይን መከላከያ ላለው፣ አሠራሩን ለሚያውቅ ባለሙያ የሚተው ነው። እስከዚያው ሕጻናት በማይደርሱበት፣ ከእሳት በራቀ ቦታ ይቀመጣል፤ ለቁራሌው ሲሰጥም ውስጡ የታመቀ ጋዝ ያለበት መኾኑ ይነገረዋል።