የሚሞቀው የት ነው?

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው ጋራዣችን ኮፈን ከመክፈቴ በፊት ሾፌሩን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሚሞቀው የት ነው? ብዙ ሰው ግን ፈርዶ ነው የሚመጣው። «ራዲያተር ቀይርልኝ» ይላል፤ ወይም ሰፈር ውስጥ አንዱ «ጓርኒሲዮን ነፍቷል» ብሎት ብር ተበድሮ ይመጣል። ሳይመረመር ዕቃ መቀየርን አጥብቄ እቃወማለሁ። የአሮጌ መኪና ባለቤትን ኪስ ከብልሽቱ በላይ የሚያራቁተው ግምት ነው።

አሮጌ መኪና ደግሞ ገና ብዙ ዓመት አብሮን ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ዋጋ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ያንን አሮጌ ኮሮላ፣ ያንን ሃይሉክስ ሸጦ በተሻለ መተካት ለብዙ ደመወዝተኛ የማይታሰብ ሆኗል። ያለውን ተንከባክቦ ማቆየት ነው።

መኪና የሚሞቅበትን ቦታ ለመመርመር አርባ ምንጭ የታደለች ከተማ ናት፤ መንገዱ ራሱ መሣሪያ ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺ 300 ሜትር ግድም ላይ ነው። ጨንቻ 2 ሺ 700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በመካከላችን ያለው መንገድ ግን 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አባያን በስተቀኝ እያዩ በሙዙ እርሻ መካከል በሶዶ መንገድ መሄድ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ ዶርዜን መውጣት ነው። ሜዳው ላይ በደህና ፍጥነት ሲሄዱ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል። ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲያጓራ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፣ ነፋሱ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ረግቶ ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ መኪና በአብዛኛው ውሃው እንደሚገባው እየዞረ አይደለም፦ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል፣ የውሃ ፓምፑ ደክሟል፣ ቺንጋው ላልቷል፣ ወይም ውሃው ጎድሏል። ዳገቱን ወጥቶ ገበያ መሀል ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቬንትሌተሩ ነው።

በቅርቡ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የ1990ዎቹን ኮሮላቸውን ይዘው መጡ። ራዲያተር እንዲገዙ ተነግሯቸዋል።

«ጋሼ፣ የሼቻን ዳገት ሲወጡ ይሞቃል?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም አይለው! ባጃጅ ሲዘጋብኝ ነው እንጂ።»

ሞተሩን አስነስተን ቆመን ጠበቅን። ጌጁ ከመሀል እያለፈ ወጣ፤ ቬንትሌተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ሶኬቱን ነቅዬ በሁለት ሽቦ ቀጥታ ከባትሪው ጋር ሳገናኘው ዞረ። የቬንትሌተሩ ሞተር ደህና ነው ማለት ነው። ሪሌውን ስከፍተው መገናኛው ነዶ ጠቁሯል። መምህሩ አንድ ሪሌ ገዝተው፣ የራዲያተሩን ብር በኪሳቸው ይዘው ሄዱ።

ሌላው የጨንቻ መስመር ሃይኤስ ነበር፤ እሱ ዳገት ላይ ብቻ ነው የሚሞቀው። ራዲያተሩ ተጠርጓል፣ ፓምፑ ተቀይሯል። እኔም መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ረዳቱ ነዳጅ እንዲሰጥ አድርጌ ከሥር ያለውን ቱቦ ስመለከት ሞተሩ ሲጮህ ቱቦው ወደ ውስጥ ተመጥጦ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ነዳጁን ሲለቅ መልሶ ክብ ሆነ። የታችኛው ቱቦ ፓምፑ ውሃ የሚስብበት ነው፤ እንዳይጨማደድ በውስጡ ያለው የሽቦ ጥምጥም ዝጎ አልቆ ነበር። ቆሞ ነዳጅ ሳይሰጠው ቢያዩት ምንም አይታወቅም። ይህን የመሰለ ነገር በግምት አይገኝም።

ብዙ ሰው የሚንቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳን ብቻ ይመስላል፤ ሥራው ግን ውሃውን በግፊት መያዝ ነው። ውሃ ሲቀላ ላይ በ96 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ጨንቻ ላይ 91 ዲግሪ ይበቃዋል። ጤነኛ ሞተር ደግሞ የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልዩነቱን አይታችሁታል? ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈው ግፊቱን ለመንገር ነው፤ ያ ግፊት ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የሞተ ክዳን ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ከተማ ውስጥ ያልፈላ ውሃ ዶርዜ ላይ ይፈላል። ከምንም በፊት ይህን ርካሽ ዕቃ ማየት ያስፈልጋል።

ቴርሞስታትን በተመለከተ ከብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። «አገሩ ሞቃት ነው፣ ምን ያደርግልሃል» ተብሎ ይወጣና ይጣላል። የካቲትና መጋቢት ላይ አርባ ምንጭ ከ30 ዲግሪ በላይ እንደምትሆን አውቃለሁ፤ ሆኖም ሞተሩ የሚፈልገው የራሱን ሙቀት ነው። ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱን ያበላሻል፣ ቶሎ ያልቃል። ከዚህም የባሰ አለ፦ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃውን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ትኩስ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ይገባል። እንዳይሞቅ ተብሎ የተደረገው ነገር ያሞቀዋል። መፈተሹ ቀላል ነው፦ በክር አስሮ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ማንጠልጠልና ምድጃ ላይ መጣድ። ላዩ ላይ 82 የሚል ከሆነ እዚያው ገደማ መከፈት ይጀምራል፤ ውሃው ፈልቶም ካልተከፈተ ይቀየር።

ስለ ውሃው ደግሞ ልለምናችሁ። መንገድ ላይ የጨነቀው ሾፌር ያገኘውን ይጨምራል፤ ከወንዝም፣ ከአባያም። የአባያ ውሃ ለምን ቀይ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያ አፈር ነው፣ ቀጫጭኖቹ የራዲያተር ቱቦዎች ውስጥ ይረጋል። የቧንቧ ውሃም ቢሆን ለዓመታት ሲፈላ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንደሚለብሰው ነጭ ነገር ይተዋል። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ከኩላንት ጋር እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ ይግባ። ኩላንት ለበረዶ አገር ብቻ ነው የሚባለው ስህተት ነው፤ ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውን ሙቀትም ከፍ ያደርጋል። ራዲያተሩ መደፈኑን ለማወቅ ለብ ሲል በእጅ ዳሰስ አድርጉት፤ ቀዝቃዛ ሆኖ የቀረው ቦታ ውሃ አያልፍበትም። የመዳብና የነሐሱ ዓይነት ተከፍቶ በዘንግ ይጠረጋል፣ መልሶ ይበየዳል። ፕላስቲክ ያለው ይህን አይችልም።

ጓርኒሲዮንን፣ ማለትም ከሞተሩ ክዳን (ከቴስታታው) ሥር ያለውን ማሸጊያ፣ የምጠረጥረው በመጨረሻ ነው፤ ምልክቶቹም ግልጽ ናቸው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ከሆነ፣ ራዲያተሩ ክዳኑ ተከፍቶ ሳያቋርጥ አረፋ ከደፈቀ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ፣ ወይም ካንዴላዎቹ ሲወጡ አንዱ ብቻ የታጠበ መስሎ ከታየ ቴስታታው ይወርዳል። ሲወርድ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መግጠም ሥራ አይባልም። አሉሚኒየም ቴስታታ በሙቀት ይጎብጣል፤ ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞበት ክፍተቱ ይለካ፣ ከጎበጠም ማሽን ቤት ገብቶ ይላግ።

ዳገቱ ላይ ጌጁ ሲወጣ ካያችሁ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ይወብቃል፣ ግን ሙቀቱን ከሞተሩ ይስባል። ቀይ ከነካ ቁሙ። ቀይ ነክቶ በድንገት ከወረደ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፦ ውሃው አልቆ ሙቀት መለኪያው አየር ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው አጥፉ። ክዳኑን የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ እስኪለሰልስ ድረስ አትንኩት፤ ስንት ሰው ፊቱን ተቃጥሏል። ሲቀዘቅዝ ጨርቅ ይዛችሁ መጀመሪያ ግማሽ አዙሩና እንዲተነፍስ ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ማፍሰስ ቴስታታ ይሰነጥቃል፤ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። ስንት ሊትር እንደወሰደም ልብ በሉና ለመካኒኩ ንገሩት። ሁለት ሊትር ወስዶ ከመኪናው ሥር ጠብታ ከሌለ ፍለጋው ከራዲያተሩ ክዳንና ከቴስታታው ይጀምራል።