የአሮጌ ጊታር አንገት

ዓመታት አልጋ ሥር የከረመ ጊታር ስታገኙ የምትሰሙት ቅሬታ ሁሌም አንድ ነው፦ «ክሩ ጣት ይቆርጣል!» ክሩ ከፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ በጣም ርቋል። ብዙ ሰው አዲስ ክር ገዝቶ ይቀይራል፤ ለውጥ የለም። ጉዳዩ ክሩ ሳይሆን ክሩ ሲጎትት የኖረበት ዘመን ነዋ!

እስቲ አስቡት። ስድስት የብረት ክሮች ሲቃኙ በድምሩ 70 ኪሎ ገደማ ይጎትታሉ፤ አንድ ጎልማሳ ቀን ከሌት ተንጠልጥሎበታል ማለት ነው። የሚሸከመው የፊት ጣውላ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እናም ሣጥኑ ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለቅቃል፤ ከብሪጁ (ክሮቹ ሣጥኑ ላይ ከሚታሰሩበት እንጨት) ሥር ያብጣል፣ አንገቱም ወደ ፊት ያዘነብላል።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ አስተኙና ወደ ብሪጁ ግፉት። የብሪጁን አናት ለጥቂት ካለፈ ሰላም ነው፤ ከአናቱ ዝቅ ብሎ የብሪጁን ፊት ከገጨ ግን አንገቱ ተነቅሎ መስተካከል አለበት።

አቋራጩ ሳድሉን፣ ማለትም ክሮቹ የሚያርፉበትን የአጥንት ቁራጭ፣ መሞረድ ነው። ሒሳቡን ግን ተመልከቱ፦ 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ሳድሉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር መቁረጥ ያስፈልጋል። ሳድሉ ቶሎ ያልቃል፤ ክሩ በላዩ ላይ በደንብ ስለማይታጠፍም ድምፁ ይደክማል። ብሪጁን ራሱን የሚልጉትማ ባይነኩት ይሻል ነበር።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል። ማርቲን የተባለው ኩባንያ የሠራቸው የድሮ ጊታሮች አንገት ወደ ውስጥ እየሰፋ በሚሄድ ምላስ ሣጥኑ ውስጥ ይሰካል፤ የያዘው ከእንስሳት ቆዳ የተቀቀለ ኮላ ነው። ይህ ኮላ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይለቃል። ስለዚህ ጠጋኙ፣ አንገቱ ከሣጥኑ በ14ኛው ፍሬት ለሚገናኝ ጊታር፣ 15ኛውን ፍሬት ነቅሎ ከሥሩ ቀጭን ቀዳዳ ይበሳል፤ በመርፌ እንፋሎት ይነፋበታል። ኮላው ሲለሰልስ አንገቱ ይወጣል። ከዚያ ከአንገቱ ተረከዝ ላይ እንጨት ይላጋል፤ ከታች ብዙ፣ ወደ ላይ እያነሰ፣ ጫፉ ላይ ምንም። መጨረሻ ላይ በተረከዙና በሣጥኑ መካከል ብርጭቆ ወረቀት አስገብቶ እየሳበ ያወጣል፤ ሁለቱ ክፍተት ሳይተዉ እስኪገጥሙ። ጠጋኙን የሚያስለቅሰው ቀድሞ የነካካው ሰው እንደዚህ በቀላሉ የማይለቅ ኮላ፣ ኤፖክሲ፣ ጨምሮበት ሲያገኝ ነው።

ዕድሜውን ማወቅ ካማራችሁ በድምፅ ቀዳዳው አጮልቁ። ማርቲን ከ1898 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጊታሮቹን በተከታታይ ቁጥር ያትማል፤ ዓመቱ ከቁጥሩ ይታወቃል። ቫርኒሹን ግን አደራ አትንኩት፤ አዲስ የተቀባ አሮጌ ጊታር ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል። የአየሩ እርጥበትም ከ45 እስከ 55 በመቶ ይሁን፤ የአዲስ አበባ በጋም ሆነ የአሜሪካ የክረምት ማሞቂያ ጣውላ ይሰነጥቃል።

አንገቱ ተመልሶ ሲገጣጠም 12ኛው ፍሬት ላይ በወፍራሙ ክር 2.4፣ በቀጭኑ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍታ ይበቃል። ቃኙትና ጥቂት ቀን ተዉት፤ ጣውላው ጭነቱን ሲቀበል መጠነኛ ለውጥ ስለሚያሳይ፣ ሳድሉን የመጨረሻ ልክ የምትሞርዱት ከዚያ በኋላ ነው።