ዋጋው የኳሷ ነው ወይስ የማስረጃዋ?

በእኛ የእግር ኳስ ሜዳዎች ወደ ተመልካች የገባች ኳስ ወደ ሜዳ ትመለሳለች። ይዤ እቀራለሁ የሚል ቢገኝ አጠገቡ የተቀመጠው ደጋፊ ራሱ ዝም አይለውም። በአሜሪካ የቤዝቦል ሜዳዎች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከሜዳ ወጥታ ተመልካች እጅ የገባች ኳስ የያዛት ሰው ንብረት ትሆናለች። ከዚህ ልማድ የተነሣ ኳስ መልቀም ለብዙዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ፣ ለጥቂቶች ደግሞ የሚሊዮኖች ገበያ ሆኗል። በኦክቶበር 2024 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዲት ኳስ በጨረታ 4.392 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች።

ይህ ለጉለሌ ነጋዴ ምኑ ነው? የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። ከአሜሪካ ኤምባሲ ከፍ ብሎ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ የሚሸጠው ነጋዴና ኒው ዮርክ ውስጥ ኳስ የሚለቅመው ደጋፊ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። "ዕቃው እውነተኛው ስለመሆኑ ማስረጃህ ምንድን ነው?" የሚል ነው። አሜሪካኖቹ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማበጀት ብዙ ገንዘብ ከስረዋል፤ ብዙም ተምረዋል።

ኳሷና አቅርቦቷ

ቤዝቦል ከገና ጨዋታ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለው። በገና ሩሯ በዱላ እንደምትመታ ሁሉ በቤዝቦልም ወርዋሪው የወረወራትን ኳስ መቺው በዱላ ይመታታል። ኳሷ ከሜዳው አጥር በላይ ካለፈች "ሆም ረን" ይባላል፤ ከምቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ከጎን መስመር ውጭ ከሄደች ደግሞ "ፋውል" ነው። በሁለቱም መንገድ ኳሷ ተመልካች መካከል ልትወድቅ ትችላለች።

ኳሷ ከ142 እስከ 149 ግራም ትመዝናለች። ራውሊንግስ የተባለው ኩባንያ ኮስታ ሪካ ውስጥ ቱሪያልባ በምትባል ከተማ ያሠራታል። ቆዳዋ በቀይ ክር የሚሰፋው እስከ ዛሬ በሰው እጅ ሲሆን ጥንድ ስፌቶቿ 108 ናቸው። አዲሷ ኳስ ከመደብር ስትገዛ ዋጋዋ ጥቂት አሥር ዶላሮች ነው። ለውድድር የምትቀርበው ኳስ ግን ከጨዋታ በፊት ከደላዌር ወንዝ ገባር በሚወጣ ልዩ ጭቃ ትታሻለች። ይህም የሚደረገው ልስላሴዋ ቀንሶ ለወርዋሪው እጅ እንድትመች ነው። ስለዚህ የሜዳና የመደብር ኳስ በዓይን ይለያሉ።

የቆሸሸች ወይም የተጫረች ኳስ ወዲያው ትቀየራለች። በአንድ ጨዋታ ከመቶ በላይ ኳሶች ይወጣሉ። ሰላሳ ቡድኖች በመደበኛው ውድድር እያንዳንዳቸው 162 ጊዜ ስለሚጫወቱ በዓመት 2,430 ጨዋታ ይደረጋል ማለት ነው። ብናባዛው ከ240 ሺህ በላይ ኳሶች ይሆናሉ። የምጣኔ ሀብት ትምህርት የቀመሰ ሁሉ እንደሚገነዘበው እንዲህ አቅርቦቱ የተትረፈረፈ ዕቃ በተፈጥሮው ውድ ሊሆን አይችልም።

ለቃሚዎቹ

ልምድ ያለው ለቃሚ በር ሲከፈት ይገባል። ጨዋታው ሳይጀመር መቺዎች ሲለማመዱ ብዙ ኳስ አጥር ስለሚዘል የቆዳ ጓንቱን አጥልቆ ይጠብቃል። የትኛው መቺ ወደየት አቅጣጫ እንደሚያዘወትር ያጠናል። የእንግዳውን ቡድን ቆብ አድርጎ ተጫዋቾቹን ኳስ የሚለምንም አለ።

ከእነዚህ መካከል ስሙ የገነነው የኒው ዮርኩ ዛክ ሃምፕል ሲሆን ከ10,000 በላይ ኳሶች ሰብስቧል። በጁን 2015 አሌክስ ሮድሪጌዝ 3,000ኛውን ስኬታማ ምቱን የመታባት ኳስ እጁ ገባች። ኳሷን ለያንኪስ ቡድን ሲሰጥ ቡድኑ በምላሹ 150 ሺህ ዶላር ለሕፃናት የቤዝቦል ዕቃ ለሚያቀርብ በጎ አድራጎት ድርጅት ለገሰ። ከአሥር ሺዎቹ ኳሶች ይህን ያህል የተፈለጉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ብዛት ብቻውን ዋጋ እንደማያመጣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ኳሷን ይዞ የመቅረት መብትም በነፃ አልተገኘም። በ1921 አንድ የኒው ዮርክ ተመልካች የያዛትን ኳስ አልመልስም በማለቱ ከሜዳ ተባረረ። ክስ መሠረተና ፍርድ ቤት 100 ዶላር አስፈረደለት። ቡድኖችም ውለው አድረው ሒሳቡ ገባቸው። የአንዲት ኳስ ወጪ ከደጋፊ ጋር ከሚደረግ ጠብ ይረክሳል፤ ኳስ አገኛለሁ ብሎ ትኬት የሚቆርጠውም ሰው ቀላል አይደለም።

ሚሊዮኑ ከየት መጣ?

በ1998 ማርክ ማግዋየር በአንድ የውድድር ዓመት 70 ሆም ረን በመምታት ክብረ ወሰን ሰበረ። የመጨረሻዋን ኳስ በጃንዋሪ 1999 ቶድ ማክፋርሌን የተባለ የሥዕላዊ መጻሕፍትና የአሻንጉሊት ነጋዴ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ገዛት። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ባሪ ቦንድስ 73 መታ። ያችንም አዲስ የክብረ ወሰን ኳስ ይኸው ሰው በ2003 ገዛት፤ ዋጋዋ ግን 450 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር። አዲሱ ክብረ ወሰን ከአሮጌው አንድ ስድስተኛ እንኳ አላወጣም። ገዢው ክብረ ወሰን በቶሎ እንደሚሰበር ተገንዝቦ ነበር። በዚያ ላይ በዘመኑ መቺዎች ላይ የአበረታች መድኃኒት ጥርጣሬ ይሰማ ጀመር፤ ማግዋየርም መጠቀሙን በ2010 በይፋ አምኗል።

በ2022 አሮን ጃጅ 62ኛውን ሆም ረን መትቶ የአሜሪካን ሊግ ክብረ ወሰን ሲሰብር ኳሷን የያዘው ሰው የቀረበለትን የ3 ሚሊዮን ዶላር ዋጋ ሳይቀበል ቀረ። በጨረታ ያገኘችው 1.5 ሚሊዮን ነው። "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ" ማለት ይህ ነው። በ2024 ደግሞ ሾሄ ኦታኒ በአንድ ዓመት 50 ሆም ረን የመታና 50 ጊዜ ማረፊያ የሰረቀ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ከላይ የጠቀስነውን 4.392 ሚሊዮን ያወጣችው የ50ኛው ሆም ረን ኳስ ናት። ደላሎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የመጨረሻው የጨረታ ጥሪ 3.6 ሚሊዮን ነበር፤ ቀሪው 792 ሺህ ዶላር ገዢው በተጨማሪ የከፈለው የአጫራቹ 22 በመቶ ኮሚሽን ነው። በልማድ በቤት ሽያጭ ሁለት በመቶ ለሚቀበለው የአዲስ አበባ ደላላ ይህ ቁጥር የሚያስቀና ነው። ነገር ግን አጫራቹ የሚከፈለው ሻጭና ገዢ ስላገናኘ ብቻ አይደለም። ዕቃው ትክክለኛው መሆኑን አስመርምሮ ስሙን ስለሚያስይዝም ነው።

ማስረጃው እንዴት ይሠራል?

በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ የታዋቂ ስፖርተኞችን ፊርማ እያስመሰሉ በኳስና በዱላ ላይ የሚፈርሙ ቡድኖችን በቁጥጥር ሥር አዋለ። ገዢው ደነገጠ፤ ሐቀኛው ነጋዴም አብሮ ተጎዳ። በዚህ ምክንያት የቤዝቦል ሊጉ በ2001 የራሱን የማረጋገጫ ሥርዓት ዘረጋ። በየጨዋታው በፖሊስነት የሚሠሩ ወይም የሠሩ ታዛቢዎች ሜዳው ዳር ይቀመጣሉ። ከጨዋታ የወጣች ኳስ ከዓይናቸው ሳትሰወር ተቀብለው ቁጥር ያለው ሆሎግራም ይለጥፉባታል፤ ቁጥሩም በመዝገብ ይገባል። ገዢው ከዓመታት በኋላም ቁጥሩን አይቶ ኳሷ በየትኛው ቀን፣ በማን እንደተመታች ያረጋግጣል።

የደጋፊው ችግር እዚህ ላይ ነው። ተመልካች መካከል የወደቀች ኳስ ከታዛቢው ዓይን ወጥታለች። ስለዚህ ታሪካዊ ምት ሲጠበቅ አስቀድሞ ምልክት የተደረገባቸው ኳሶች ብቻ ለወርዋሪው ይሰጣሉ። ኳሷን የያዘውም ሰው በጥበቃ ታጅቦ ወደ መርማሪዎቹ ይወሰዳል። ኳሷን ኪሱ ከቶ ወደ ቤቱ ቢሄድና በማግሥቱ ቢመለስ ግን ቃሉን የሚያምነው ያጣል።

ኳሷ እውነተኛ ሆና ባለቤቷ ካልለየም ጣጣው ብዙ ነው። የቦንድስን 73ኛ ኳስ አንድ ሰው በጓንቱ ሲቀልባት ሕዝብ ተረባርቦበት ወደቀች፤ ሌላው አነሣት። የሳን ፍራንሲስኮ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2002 ሁለቱም እኩል መብት ስላላቸው ተሸጣ ይካፈሉ ብሎ ወሰነ። ለእያንዳንዳቸው የደረሰው 225 ሺህ ዶላር ነው። የአንደኛው ጠበቃ የጠየቀው ክፍያ ከዚህ ድርሻ ይበልጥ ነበር።

ሽሮ ሜዳስ?

ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 ባወጡት ጥናት ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ነገር አስረድተዋል። ገዢ ደህናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ የደህናው ዕቃ ባለቤት በዚያ ዋጋ ስለማያዋጣው ከገበያ ይወጣል፤ በመጨረሻ ብልሹው ብቻ ይቀራል። በዚህና በተከታታይ ሥራቸው በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

ሽሮ ሜዳ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ከጋሞ ደጋ መጥተው የሠፈሩ ሸማኔዎች ቀናት ፈጅተው የሚጥሉት ጥለት በውጭ ፋብሪካ ከታተመ ጨርቅ ጋር ጎን ለጎን ይሰቀላል። የአካባቢው ሰው ቀሚሱን ገልብጦ ውስጡን አይቶ ይለያል። ዋሽንግተን ሆኖ በስልክ ፎቶ የሚያዘው ዘመድ ግን መገልበጥ አይችልም። ስለዚህ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዋጋ ያቀርባል፤ የሚከስረው ሸማኔው ነው። ሸማኔው ጉድጓዱን ትቶ ከወጣ ደግሞ ነጋዴው ነገ የሚሸጠው የእጅ ሥራ አይኖረውም።

መድኃኒቱ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። ጨርቁ ከሸማኔው እጅ ሳይወጣ በላዩ ቁጥር ማድረግ፣ የሸማኔውን ስምና የሥራውን ቀን መመዝገብ፣ ድሩ ላይ እያለ ፎቶ ማንሣት፣ መዝገቡንም ከሻጩ ሌላ አንድ ገለልተኛ አካል፣ ለምሳሌ የሸማኔዎች ማኅበር፣ እንዲይዘው ማድረግ ነው። ማስረጃው በሻጩ ብቻ ከተያዘ ዋጋ የለውም፤ የሊጉ ታዛቢዎች ሻጭ ያልሆኑትም ለዚህ ነው።

ይህ ለአትሌቶቻችንም ይሠራል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮምን በባዶ እግሩ ስለሮጠ የዚያን ዕለት ጫማው ነው ብሎ የሚያታልል አይኖርም። በሴፕቴምበር 2023 ትዕግስት አሰፋ በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር የተጫማችው የአዲዳስ ጫማ ግን የመደብር ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ መጀመሪያ ለገበያ የወጣውም 521 ጥንድ ብቻ ነው። ከነዚህ ሁሉ እሷ የሮጠችበት ጥንድ አንድ ነው። እንዲህ ያለው ጫማም ሆነ የደረት ቁጥር በዕለቱ በታዛቢ ፊት ታሽጎ ካልተመዘገበ ከሃያ ዓመት በኋላ ከሌላው የሚለየው ነገር አይኖርም።

ለገንዘብ አውጪዎች የምንመክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዋጋው በክብረ ወሰን ላይ የቆመ ዕቃ ክብረ ወሰኑ ሲሰበር አብሮ ስለሚወድቅ የቤተሰብን ጥሪት በሱ ላይ ማዋል አይገባም። ሁለተኛ፣ የምትገዙትም ሆነ የምትሸጡት ዕቃ ታሪክ ካለው ማስረጃው ዕቃው በተገኘበት ቀን ይሠራ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚጻፍ ወረቀት ገዢውን ይበልጥ እንዲጠራጠር ከማድረግ በቀር የሚጨምረው ዋጋ የለም።