ካርታ ሌላ፣ ፕላን ሌላ

በአዲስ አበባ ስለ መሬት የሚነሳ ክርክር ብዙ ሳይቆይ ወደ አንድ ጥያቄ ይጠቀለላል፤ መሬቱ የማን ነው? አንዱ «የመንግሥት ነው፤ ስለዚህ መንግሥት እንዳሻው ያደርገዋል» ይላል። ሌላው «ካርታው በስሜ ነው፤ በግቢዬ የፈለግሁትን ብሠራ ማንን ምን አገባው» ይላል። ሁለቱ ሰዎች የማይታረቁ ይመስላሉ እንጂ የቆሙት በአንድ እምነት ላይ ነው፤ መሬቱን የያዘ ሁሉ አጠቃቀሙንም ይወስናል በሚል እምነት ላይ። እውነታው ግን መያዝና መጠቀም ለየብቻ የሚወሰኑ ጉዳዮች መሆናቸው ነው። አንድ ቦታ ላይ መኖሪያ ይሠራ ወይስ ሱቅ፣ ስንት ፎቅ ይውጣ፣ መንገዱ በየት በኩል ይለፍ የሚለው የሚወሰነው በከተማው ፕላን ነው። የነዋሪውን ዕለታዊ ኑሮና የቤቱን ዋጋ ይበልጥ የሚነካው ይህ ውሳኔ ሆኖ ሳለ፣ ፕላኑን አይቶ የሚያውቀው ሰው ካርታውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከሚያስቀምጠው ሰው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

መሬት የመንግሥት ስለሆነ መንግሥት እንዳሻው ያደርገዋል የሚለው አባባል የሚያሳስተው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚይዘው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተገደበ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ አጸና። ብዙ ሰው ንባቡን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ አንቀጹ ግን ይቀጥላል። ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት አለው፤ ሊሸጠውም ሊያወርሰውም ይችላል። መንግሥት ንብረቱን ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ መክፈል አለበት። በዚህ ላይ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ለከተሞች ሁለት ዓይነት ፕላን ይደነግጋል፤ መላ ከተማውን የሚያይ መዋቅራዊ ፕላን፣ ከዚያም ሰፈር ሰፈሩን በዝርዝር የሚያሳይ የአካባቢ ልማት ፕላን። ፕላን ከጸደቀ በኋላ ነዋሪውን እንደሚያስገድድ ሁሉ ቦታ የሚመራውን፣ ፈቃድ የሚሰጠውንና መንገድ የሚቀደውን ቢሮም ያስገድዳል። አረንጓዴ ተብሎ በተከለለ ቦታ ላይ ሕንፃ እንዲቆም የፈቀደ ሹም የባለቤትነት መብት እየተጠቀመ አይደለም፤ ሕግ እየጣሰ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አቤቱታ ሲጻፍ ግን ሁሉም ነገር በእሱ ላይ ይቆማል።

«መሬት የግል ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር» የሚሉም አሉ። የግል ባለቤትነት ሥር የሰደደበትን አሜሪካን እንይ። ኒው ዮርክ ከተማ አጠቃላይ የዞኒንግ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩክሊድ በምትባል የኦሃዮ መንደር ጉዳይ፣ አንድ ከተማ የግል መሬት ላይ ምን እንደሚሠራ መወሰን ይችላል ብሎ ፈረደ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በአርሊንግተን ካውንቲ፣ በአብዛኛው የመኖሪያ ቦታ ለረጅም ዘመን የተፈቀደው በአንድ ቦታ ላይ ለአንድ ቤተሰብ የሚሆን አንድ ቤት ብቻ ነበር። መሬቱን በገንዘቡ የገዛ ሰው ሁለት ሦስት ቤት ልሥራበት ቢል አይችልም ነበር። የካውንቲው ቦርድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በአንድ ቦታ ላይ እስከ ስድስት መኖሪያ እንዲፈቀድ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ በ2024 አንድ ዳኛ ውሳኔውን ሻረው፤ ክርክሩ ወደ ይግባኝ ሄደ። መሬቱ የማን እንደሆነ እዚያ አንድም ሰው አልተጠራጠረም፤ የተሟገቱት ምን ይሠራበት በሚለው ላይ ነው። እዚህ አገር ባለቤትነቱ ነገ ቢለወጥ እንኳ የፕላኑ ጥያቄ እንዳለ ይጠብቀናል።

ወደ ካርታው እንመለስ። የይዞታ ማረጋገጫ የተሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ስሙንና የካሬውን ስፋት ነው። ሰነዱ ግን የአገልግሎት ዓይነትንም ይጠቅሳል፤ ለመኖሪያ የተባለ ቦታ ለመኖሪያ ነው። በሊዝ የተያዘ ከሆነ ውሉ የጊዜ ገደብ አለው፤ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መኖሪያ ለ99 ዓመት፣ የከተማ ግብርና ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ግንባታውም እንደ መጠኑ በ24፣ በ36 ወይም በ48 ወር ይጠናቀቅ ይላል። ባለይዞታው ለመገንባት ሲነሳ በመጀመሪያ የሚያገኘው የፕላን ስምምነት የሚባለውን ሰነድ ነው፤ በዚያ ቦታ ፕላኑ ምን እንደሚፈቅድ የሚነግረው ወረቀት ይህ ነው። የግንባታ ፈቃድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፈቃድ የሚያስፈልገው ለትልልቅ ሕንፃ ብቻ ነው የሚለውም ስህተት ነው፤ የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ባለ አንድ ፎቁን የግል መኖሪያ በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ጋራዡን አፍርሶ ሱቅ ያወጣ፣ ሳሎኑን መዋዕለ ሕፃናት ያደረገ ሁሉ ካርታው የማይመልስለትን ጥያቄ ነው የነካው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል፤ ስለ ግቢዬ ሌላ ሰው ለምን ይወስናል? የማይመች ግን እውነተኛ መልስ ያለው ቆሼ ላይ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው ተራራ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በክምሩ ሥርና ዳር ቤት ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። አደገኛ አገልግሎትንና መኖሪያን ማራራቅ የፕላን የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ያ ሥራ ሳይሠራ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ በዚያ ቀን ታየ። ይሁን እንጂ ይኸው ምሳሌ ሌላ ተረትም ያፈርሳል፤ ጨረቃ ቤት የሚሠራው ሰው ሕግ ስለሚንቅ ነው የሚለውን። የከተማ ቦታ በሕጋዊ መንገድ የሚገኘው በዋናነት በሊዝ ጨረታ ነው፤ በምደባ የሚሰጠው ለተወሰኑ ዓላማዎች ነው። ጨረታ የማይደርስበት፣ ከኮንዶሚኒየም ዕጣም ያልወጣለት ቤተሰብ የሚኖርበትን ቦታ ፕላኑ ካላሳየው፣ ቤተሰቡ የሚሰፍረው ፕላኑ ባላያቸው ቦታዎች ነው፤ ወንዝ ዳር፣ ገደል አፋፍ፣ ቆሻሻ ሥር። ስለዚህ ሕገወጥ ግንባታን የሚቆጥር አስተዳደር ፕላኑ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ስንት ሄክታር እንደተወም አብሮ መቁጠር አለበት። ያለዚህ የመጀመሪያው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግርም።

ከሁሉም ተረቶች ብዙ ሰው ያለ ሙግት የሚቀበለው አንድ አለ፤ ፕላኑ በሰፈሩ ላይ ረጅም ሕንፃ ካሳየ ነባሩ ነዋሪ መነሳቱ የግድ ነው የሚለው። ፕላን ስለ ሕንፃው ይናገራል እንጂ ሕንፃውን ማን እንደሚሠራ አይናገርም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው፣ በኋላም ማሻሻያ የተደረገበት የይዞታ ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 እንደገና የሚለማ አካባቢ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግልም ሆነ በጋራ ቦታቸውን ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኙ ይደነግጋል። ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚገባው የካሳውን ስሌት ላየ ነው። ካሳ በዋናነት የሚከፈለው ለቤቱና በቦታው ላይ ለተደረገው መሻሻል ነው፤ ለመሬቱ ምትክ ቦታ ይሰጣል እንጂ የሠፈሩ ዋጋ አይታሰብም። ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ መሀል ያለ ያረጀ የጭቃ ቤት እንደ ቤት ሲገመት ጥቂት ነው፤ የሚያስወድደው ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ታክሲው፣ ጎረቤቱና የዕድሩ ቅርበት ነው። ፕላኑ ከአንድ ፎቅ ወደ ሃያ ፎቅ ሲያድግ በዚያ ቦታ ላይ የሚፈጠረው አዲስ ዋጋ ቦታው ላይ ለሚቀረው ይሄዳል፤ ከከተማው ዳር ምትክ የተሰጠው ሰው አይደርሰውም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ካሳ የሚጠይቅበት ቤት እንኳ የለውም። «አቅም የላቸውም፤ በቅድሚያ መብታቸው ሊጠቀሙ አይችሉም» የሚል መልስ ይሰጣል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አዋጁ በጋራ የሚለውን ቃል ያስገባው ግን ለዚሁ ነው። ለመደራጀት በቂ ጊዜና የባንክ ብድር ካልቀረበ መብቱን አለመጠቀማቸው አቅም ማጣታቸውን አያረጋግጥም፤ ዕድሉ በቁም ነገር አለመሰጠቱን ነው የሚያሳየው።

ፕላን የባለሙያ ሥዕል ነው፣ ነዋሪ ምን ያውቃል የሚለው አስተሳሰብ ታሪክ አለው። በወረራው ዘመን ጣልያኖች፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1950ዎቹ ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ማሪየን፣ በደርግ ጊዜ የሃንጋሪ ባለሙያ፣ ሁሉም አዲስ አበባን በየተራ ነድፈዋታል። ሰፈሩ ግን በአብዛኛው የራሱን መንገድ ሄደ፤ ሀብታምና ደሃ በአንድ አጥር እየተዋሰኑ የሚኖሩበት የከተማዋ መልክ ከእነዚህ ንድፎች የመጣ አይደለም። የ2000ው አዋጅ ግን ፕላን ከመጽደቁ በፊት በየደረጃው ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል፤ የመዋቅራዊ ፕላንንም ዕድሜ አሥር ዓመት አድርጎታል። ውይይቱ ጌጥ አለመሆኑን የሚያሳየው አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ለማቀናጀት የተዘጋጀው ማስተር ፕላን ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በኦሮሚያ ተቃውሞ ቀሰቀሰ፤ በኅዳር 2008 እንደገና ተቀጣጠለ፤ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ፕላኑ መቅረቱ ተነገረ። ስለ ጉዳዩ ፖለቲካ ብዙ ሊባል ይችላል። ከፕላን ሥራ አንጻር ግን መሬቱን አርሶ የሚበላው ገበሬ ስለ ፕላኑ የሰማው ንድፉ ካለቀ በኋላ መሆኑ ራሱን የቻለ ጉድለት ነበር። «ሕዝብ ማወያየት ሥራ ያጓትታል» ለሚለው ሰው፣ ዓመታት የፈጀው ያ ንድፍ ከእነ ወጪው መሰረዙን ማስታወስ በቂ ነው። ቀጥሎ የመጣው፣ በ2009 ዓ.ም. የጀመረው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን በከተማዋ ወሰን ተወሰነ። ለግንባታ 40 በመቶ፣ ለመንገድ 30 በመቶ፣ ለአረንጓዴና ለሕዝብ መገልገያ 30 በመቶ የሚለውን ክፍፍልም ያዘ። ቀድሞ በተያዘ ከተማ ውስጥ ይህ 60 በመቶ ከሰው ግቢ ሳይነካ እንደማይገኝ ግልጽ ነው፤ የማን ግቢ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የመጨረሻው ነው፤ «ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው፤ በተግባር ቀይ ምልክት ግድግዳህ ላይ ይቀባል፣ ከዚያ ትነሳለህ»። ይህን እንደ ተረት ማለፍ አይቻልም። ፕላኑን የሚያወጣው፣ ቦታውን ለጨረታ የሚያቀርበውና የሊዝ ገንዘቡን የሚሰበስበው አንድ የከተማ አስተዳደር ነው፤ የፕላን ለውጥ ገቢ በሚያስገኝለት አካል እጅ ሲሆን፣ ለውጡ ወደ ሚሸጥ ቦታ ማዘንበሉ የማንንም ክፋት አይጠይቅም፤ አሠራሩ ራሱ ይገፋዋል። ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ «እንግዲህ ሕጉን ማወቅ ምን ይጠቅማል» ማለት መዘዙ ብዙ ነው። መነሳቱን የተቃወመ ሰው «መሬቱ የኔ ነው» ብሎ ከተከራከረ በሕገ መንግሥቱ ይሸነፋል። «ይህ ሥራ በጸደቀው ፕላን ላይ የለም» ወይም «በጋራ የማልማት ቅድሚያ አልተሰጠኝም» ካለ ግን ቢሮው መልስ መስጠት ያለበት የራሱን ሰነድ አውጥቶ ነው። ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ጉዳዩ ወደ ይግባኝ ሰሚ ሲሄድ ግን መዝገቡ ውስጥ የሚመዘን ነገር ይገኛል።

የአሁኑ መዋቅራዊ ፕላን አሥር ዓመቱ በ2019 ዓ.ም. ይሞላል። የሚቀጥለው ረቂቅ ሲቀርብ ከየወረዳው ስብሰባ የሚፈለገው ጥያቄ ከባለቤትነት ይልቅ እንዲህ ያለው ነው፤ ሰፈራችን በፕላኑ ላይ በምን ቀለም ተቀብቷል፣ ከፍታው ስንት ፎቅ ነው፣ አዲሱ መንገድ የትኛውን ግቢ ይነካል፣ ነባሩ ሰው በጋራ ለማልማት ስንት ወር ይሰጠዋል፣ ምላሹስ በጽሑፍ ይሰጣል ወይስ በቃል ብቻ?