የአሮጌ ጄት ስኪ ሞተር ለማን ይሰጣል?

ካዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1973 ቆሞ የሚነዳ ጄት ስኪ ለአሜሪካ ገበያ ካቀረበበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 2002 ድረስ የዚህ ዓይነት የውሃ ላይ መንጃዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ባለ ሁለት ምት፣ በመካኒኮች አጠራር ቱ ስትሮክ ሞተር ነበራቸው። በ2002 ያማሃና ሲ-ዱ ባለ አራት ምት ሞተር ይዘው ሲመጡ አሮጌዎቹ ከሱቅ እየወጡ ሄዱ፤ ከሰው እጅ ግን አልወጡም። ዛሬም በፍሎሪዳ፣ በሚቺጋንና በካሊፎርኒያ በየግቢው ሸራ ለብሰው የቆሙ የ1990ዎቹ ጄት ስኪዎች ብዙ ናቸው፤ አካላቸው ደህና፣ ሞተራቸው የሞተ። ዋጋቸው ስለሚረክስ ገዢ አያጡም። የገዢው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሞተሩን አውርዶ በአነስተኛ ዋጋ የሚሠራልኝ ማን ነው? ይህ ጥያቄ ሰውን ወደ ኪሳራ የሚመራ ነው። አሮጌ ሞተር ሊሰጠው የሚገባው ሠሪ ሞተሩ ለምን እንደሞተ ሳያውቅ አዲስ ፒስተን የማይገጥም ሰው ነው። ዋጋ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ምክንያቱ ሞተሩ ከሚሠራበት መንገድ ይጀምራል። የመኪና ሞተር ከሥሩ ባለው ካርተር ዘይት ይይዛል፤ ፖምፓው ዘይቱን እየገፋ እያንዳንዱን ኩሽኔታ ያርሳል። ቱ ስትሮክ ይህ የለውም። አየር፣ ነዳጅና ጥቂት ዘይት አብረው መጀመሪያ የሚገቡት ከፒስተኑ ሥር፣ ክራንክ ሻፍቱ ወደሚሽከረከርበት ክፍል ነው። እዚያ ያሉትን ኩሽኔታዎችና ቢዬላዎች ካረሱ በኋላ በሲሊንደሩ ግድግዳ በተከፈቱ መስኮቶች አልፈው ወደ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ በዚህ ሞተር ነዳጁ የኃይል ምንጭም ነው፣ ፒስተኑን የሚያቀዘቅዝም ነው፤ ዘይቱ ከነዳጁ ጋር በሚደባለቅበት ሞተር ደግሞ ቅባቱም የሚመጣው በእርሱ በኩል ነው። የነዳጁ መጠን ከአየሩ አንጻር ትንሽ ቢያንስ ፒስተኑ ከልክ በላይ ይግላል፣ ያብጣል፣ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቆማል። መኪና ቁልቁለት ላይ ይተነፍሳል፤ ጄት ስኪ ግን ነዳጅ እስከተሰጠው ድረስ በደቂቃ እስከ 7,000 ዙር እየተሽከረከረ ውሃን ያለ እረፍት ይገፋል። ትንሽ የነበረች ጉድለት በደቂቃዎች ውስጥ ሞተር ትበላለች።

ደግነቱ የሞተ ሞተር ምስክር ትቶ ነው የሚሞተው፤ ምስክሩም ፒስተኑ ነው። ጭረቱ ወደ ጭስ ማውጫው ባለው ጎን ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የነዳጅ ማነስን ወይም የማቀዝቀዣ ውሃ መቋረጥን ያመለክታል። በአራት ማዕዘን፣ በአራት ቦታ ላይ ተለያይቶ የታየ ጭረት ደግሞ ሞተሩ ሳይሟሟቅ በኃይል መነዳቱን፣ ወይም ፒስተኑና ሲሊንደሩ ከመጀመሪያውኑ ተጣብበው መገጠማቸውን ይናገራል። ነዳጅ በሚገባበት ጎን ያለ ጭረት የዘይት እጥረትን ወይም በአየር ማጣሪያው አልፎ የገባን ቆሻሻ ያስጠረጥራል። የፒስተኑ አናት ከተበሳ ነዳጁ ያለጊዜው እየፈነዳ ነበር ማለት ነው። ኩሽኔታዎቹ ዝገው በነቁጥ ከተበሳሱ ሞተሩ ውሃ፣ በተለይም ጨዋማ የባሕር ውሃ ገብቶበት ሳይደርቅ ቆሟል። ይህን ሁሉ አንብቦ ለባለቤቱ የሚያሳይ ሠሪ ሥራውን ያውቃል። አሮጌውን ፒስተን ሳያሳይ ቆሻሻ ውስጥ የጣለው ግን ማስረጃውን አብሮ ጥሎታል።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሆነው በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ የሲ-ዱ ምርቶች ውስጥ ያለው ግራጫ የነዳጅ ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ በዓመታት ብዛት ከውስጥ እየተበላ አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ያወጣል። ዝቃጩ ከነዳጁ ጋር ተጉዞ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ይደፍናል። ወንፊቷ ከውጭ አትታይም፤ ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ክዳኑ ካልተነሣ በቀር ማንም አያያትም። ሁለት ካርቡሬተር ባለው ሞተር አንደኛው በከፊል ሲደፈን ሞተሩ ይነሣል፣ በዝግታም ደህና ይሄዳል፤ ነገር ግን ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው አንዱ ሲሊንደር ይራባል፣ ይቃጠላል። እንግዲህ አንድ ሠሪ ፒስተኑን፣ ፋሻውንና ጓርኒሲዮኑን አዲስ አድርጎ፣ ሲሊንደሩንም አስተካክሎ በዚያው ቱቦና በዚያው ካርቡሬተር ላይ ቢገጥመው ምን አተረፈ? አዲሱ ሞተር በአሮጌው ምክንያት፣ ያውም በቶሎ ይሞታል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ቱቦውን የመቀየርና ካርቡሬተሩን የማጽዳት ወጪ ከሞተር ሥራው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ግን ሠሪው ካልጠየቀ ማንም አያስታውሰውም።

መንስኤው ከታወቀ በኋላ ሥራው የመለኪያ ጉዳይ ነው። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ መለካት አለበት፤ ሞላላ ከሆነ ወይም ጫፉና ግርጌው ከተለያየ ቦር ተደርጎ ይሰፋል፣ በልኩም 0.25 ወይም 0.5 ሚሊሜትር የሚበልጥ ፒስተን ይገባለታል። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚቀረው ክፍተት እንደ ሞዴሉና እንደ ፒስተኑ ዓይነት ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊሜትር አካባቢ አይርቅም፤ ይህን በዓይን ወይም በጣት የሚገምት ሰው የለም። ሲሊንደሩ ከሰፋ በኋላ የመስኮቶቹ ጠርዝ ካልተሞረደ ፋሻው እየተሰነካከለ ይሰበራል። ክራንክ ሻፍቱ በኃይል ተጣብቀው ከተገጠሙ ቁርጥራጮች የተሠራ ስለሆነ መጣመም አለመጣመሙ በመለኪያ ይረጋገጣል። በመጨረሻ የተገጠመው ሞተር ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፍነው ከ5 እስከ 8 ፒኤስአይ የሚደርስ አየር ይሞላበታል፤ አየሩን ለደቂቃዎች ካልያዘ በጎሚኒው ወይም በጓርኒሲዮኑ በኩል የሚሾልክበት አለ ማለት ነው። የአየር መሹለኪያ ደግሞ ነዳጅን የሚያሳሳ ሌላው የታወቀ ገዳይ ነው። ጥሩ ሠሪ እነዚህን ቁጥሮች ጽፎ ይሰጣል። ‹‹አትስጋ፣ አሪፍ አድርጌዋለሁ›› የሚል ቃል ቁጥርን አይተካም።

እንዲህ ያለ ሠሪ ከየት ይገኛል? ብዙ አዳዲስ ጄት ስኪ የሚሸጡ ነጋዴዎች የቆዩትን ተቀብለው አይጠግኑም፤ ከ2002 በኋላ ሙያውን የጀመረ ወጣት ቴክኒሺያንም ቱ ስትሮክ ከፍቶ ላያውቅ ይችላል። ዕውቀቱ የቀረው ሌላ ቦታ ነው። የሲ-ዱን ሞተር የሚሠራው የኦስትሪያው ሮታክስ በበረዶ ላይ ለሚነዱ ተሽከርካሪዎችም ሞተር ይሠራ ስለነበር፣ በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሞተር የሚጠግኑ ቤቶች እነዚህን ሞተሮች እንደ መዳፋቸው ያውቋቸዋል። የሞቶክሮስ ውድድር ሞተር ብስክሌት የሚያዘጋጁና የጀልባ ሞተር የሚጠግኑም እንዲሁ። በተጨማሪም አንድ ሰው ሁሉን ይሥራ ማለት አይደለም። ሲሊንደሩን ለሚያሰፋ፣ ክራንክ ሻፍቱን ለሚያስተካክል ልዩ ባለሙያ በፖስታ ልኮ ገጠማውን ለአካባቢው መካኒክ መተው የተለመደ አሠራር ነው፤ ብቻ ለጠቅላላው ሥራ ኃላፊነት የሚወስደው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፦ አሮጌውን ሞተር ሰጥቶ የታደሰና ዋስትና ያለው ሞተር በልዋጭ መቀበል እየተቻለ ሠሪ ፍለጋ ለምን መድከም? ልዋጭ ፈጣን ነው፣ ዋጋውም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ክራንክ ሻፍቱ ከጥቅም ውጪ ለሆነበት ሰው ምናልባት የተሻለው መንገድ እርሱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ልዋጩ የሚመጣው ያለ ነዳጅ ቱቦ፣ ያለ ካርቡሬተርና ያለ ማቀዝቀዣ መስመር ነው። ገዳዩ ከነዚህ ውስጥ ከነበረ አሁንም እዚያው ግቢ ውስጥ አለ። ዋስትናውም በአብዛኛው በነዳጅ ወይም በዘይት እጥረት የተቃጠለ ሞተርን አይሸፍንም። ስለዚህ ልዋጭ ሞተር የሚገዛ ሰውም መንስኤውን ከማወቅ ግዴታ አይድንም፤ ግዴታውን ከሠሪው ወደ ራሱ ማዛወሩ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የአካባቢና የአዋጪነት ነው። ካርቡሬተር ያለው ቱ ስትሮክ ከሚወስደው ነዳጅ እስከ ሩብ የሚደርሰውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሳያቃጥል ከጭሱ ጋር ያስወጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1996 ጥብቅ ደንብ ያወጣውና ፋብሪካዎች ወደ ባለ አራት ምት ያዘነበሉት በዚህ ምክንያት ነው። ታሆ ሐይቅ ላይ ካርቡሬተር ያለው ቱ ስትሮክ ከ1999 ጀምሮ ተከልክሏል። ይህን ጥሩ ሠሪም አይለውጠውም። እንዲህ ያለ ክልከላ ባለበት አካባቢ የሚኖር ሰው ገንዘቡን ለሞተሩ ባያፈስ ይሻላል። ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ፣ በዓመት ጥቂት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፦ አዲስ ትልቅ ጄት ስኪ ከ15,000 ዶላር በላይ ሲያወጣ፣ በትክክል የታደሰ አሮጌ ሞተር ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ለኢትዮጵያ አንባቢዎችም ከዚህ የሚገኝ ትምህርት አለ። ቱ ስትሮክ የተባለ ሁሉ፣ ጣና ላይ የጀልባ ሞተርም ይሁን የገጠር ሞተር ብስክሌት፣ የሚሞተው በተመሳሳይ መንገድ ነው። በከፍታ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ ደህና ሞተርም ሲለካ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህን ያላወቀ መካኒክ ሳያስፈልገው ሞተር ያወርዳል።

ሞተርዎን ለማንም ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ለምን ተቃጠለ? የለካኸውን ቁጥር ታሳየኛለህ? ሞተሩን ከመመለስህ በፊት የአየር ፍተሻ ታደርጋለህ? ሦስቱንም ሳያቅማማ የሚመልስልዎ ሰው ዋጋው ከሌላው ቢበልጥም ይስጡት። አንደኛውን ጥያቄ እንደ ስድብ ከቆጠረው ግን ሞተሩን ይዘው ይመለሱ።