«ወራጅ አለ!»

ሽንፋ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል የሚማር ልጅ መሪ አይጨብጥም። የሚጨብጠው የአይሱዙውን ስፖንዳ፣ የባጃጁን ብረት፣ የሞተረኛውን ወገብ ነው። ስለ ጠጥቶ ማሽከርከር ለተማሪ የሚሰጠው ምክር ግን ልጁን የሚያናግረው ብዙውን ጊዜ እንደ ነገ ሾፌር ነው፤ ስታድግ ጠጥተህ እንዳትነዳ ይለዋል። ዛሬ ማታ የሚሳፈርበት መኪና ሾፌር ቀማምሶ ቢመጣስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ እምብዛም የለም።

ሽንፋ ያለችበት የመተማ ቆላ መኪናና መጠጥ የሚገናኙበት ወቅት አለው። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋው የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል፤ እርሻው በመኪና፣ ከተማው በሰው ይሞላል፤ ገንዘብም በአንድ ጊዜ እጅ ይገባል። ሙቀቱ ራሱ ቀዝቃዛ ቢራ ይጠራል። ድንበሩ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1983 መጠጥን በሕግ ስትከለክል፣ ከሱዳኗ ገላባት ወዲህ ያለችው መተማ ዮሐንስ ተሻግሮ ለሚመጣ ጠጪ ጭምር የምትቀዳ ከተማ ሆነች። ጠላው፣ አረቄው፣ ቢራው ከመንገዱ ዳር ነው፤ መኪናውም የሚቆመው እዚያው ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮልን ወሰን አደረገ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 0.5 ነው፤ ለጀማሪ ሾፌር ደግሞ 0.2። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ከለከለ፣ የቢራ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ የትራፊክ ፖሊስ ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ ይዞ ማታ ማታ መንገድ ላይ ይቆማል። ከዋና ከተማው ሲርቁ መሣሪያው ብርቅ ነው፤ የሚቀረው አፍንጫና ዓይን ነው። ባልተለካበት አገር ደግሞ ስካር መዝገብ ላይ አይገኝም፤ አደጋው «ከፍጥነት ወሰን በላይ ማሽከርከር» ወይም «ለእግረኛ ቅድሚያ መከልከል» ተብሎ ይዘጋል። የጠቅላላው ሞት ቆጠራ እንኳ ክፍተቱ ሰፊ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት የኢትዮጵያ መንግሥት ያሳወቀው የአንድ ዓመት የመንገድ ሞት 4,352 ሲሆን የድርጅቱ ግምት ግን 27,326 ነበር። ሕዝቡ የራሱን መዝገብ በቅጽል ስም ይዟል፤ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ።

ተማሪውን ምን እናስተምረው? አሜሪካኖች ማስፈራራትን ሞክረዋል። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተጨፈለቀ መኪና ይቆማል፣ ተማሪዎች ደም የሚመስል ቀለም ተቀብተው ይተኛሉ፣ አምቡላንስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ ኦሽንሳይድ አንድ ትምህርት ቤት ነገሩን ከዚህም አሳልፎ፣ ፖሊሶች በየክፍሉ ገብተው ጓደኞቻችሁ በሰካራም ሾፌር ሞቱ ብለው መርዶ ነገሩ። ልጆቹ ተላቀሱ፤ ቆይቶ ውሸት እንደነበር ተነገራቸው። መርዶ በሚከበርበት በእኛ አገር ይህን ያደረገ መምህር ምን እንደሚገጥመው መገመት አያቅትም። ከዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የጥናቶች ግምገማ የበለጠ የሚጠቅም ነገር ይዟል። የክፍል ውስጥ ትምህርት ተማሪዎች ጠጥተው እንዳይነዱ ማድረጉ በቂ ማስረጃ አልተገኘለትም፤ ከጠጣ ሾፌር ጋር መሳፈርን ግን እንደሚቀንስ ታይቷል። ለሽንፋው ልጅ የሚበጀው ይኸኛው ትምህርት ነው።

የዚህ ትምህርት ግማሹ ሂሳብ ነው። አረቄ የሚቀዳባት ትንሽ ብርጭቆ ስሟ «መለኪያ» መሆኑ ይገርመኛል፤ ስንት እንደጠጣ የሚለካባት ሰው ግን የለም። ሰውነት ከአንድ ሊትር ደም ውስጥ በሰዓት በአማካይ 0.15 ግራም ገደማ አልኮል ያስወግዳል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ደሙ ውስጥ 1.6 የነበረ ሾፌር ተኝቶ ሌሊት 11 ሰዓት ለጉዞ ቢነሳ ምን ያህል ይቀረዋል? አምስት ጊዜ 0.15፣ 0.75 ነው፤ ሲቀነስ 0.85 ይቀራል። ፊቱን ታጥቧል፣ ቡና ጠጥቷል፣ ሞተሩን አስነስቷል፤ በሕጉ ግን ገና ሰካራም ነው። ማታ የሚነዳውን የሚጠረጥር ተሳፋሪ የንጋቱን መኪና በእምነት ነው የሚሳፈረው። ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ የማይከብድ ስሌት ነው፤ ለምን በስካር ምሳሌ እንደማንሠራው አላውቅም።

ሌላው ግማሽ ከሂሳብ ይከብዳል፤ ስሙ ይሉኝታ ነው። ልጁ ሾፌሩን «ጋሼ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ምናልባትም አጎቱ ወይም የአባቱ ወዳጅ ነው፣ በነጻ የጫነው ሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «ጠጥተሃል» ማለት ስድብ ነው፤ ስድቡ ደግሞ ለአባትም ይተርፋል። ጠጪውን ራሱን ያጠጣው ይሉኝታ ሳይሆን ይቀራል? «ይበቃኛል» ያለውን ሾፌር «በሞቴ አንድ ጨምር» ብለው ይለምኑታል። በሞቴ! ሾፌር ፊት ተቀምጦ ይህን ቃል የሚያወጣ ሰው የሚናገረውን ቢሰማ ደግ ነበር። ሾፌሩ ሰው ከገደለ በኋላ ግን ማን «በሞቴ» እንዳለው የሚጠይቅ የለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ከ5 ዓመት በሚጀምር ጽኑ እስራት የሚቀጣው በስካር ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ያስገባውን ሾፌር ራሱን ነው።

ከሐምሌ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል፤ በዚያ መንገድ የሚጓዝ ሰውም ከሰካራም ሾፌር ይልቅ ታጣቂን ይፈራል። መኪና በጠፋበት ወቅት የተገኘውን መሳፈር ግድ እንደሚሆንም አውቃለሁ። ከጨለመ በኋላ ቆላ መሐል ላይ ውረድ ማለት ቀላል ምክር አይደለም፤ ስለዚህ ትምህርቱ ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለወላጁም መድረስ አለበት፦ ልጁ አልሳፈርም ብሎ ቢቀር ወይም ከመንገድ ቢመለስ እንደማይቆጡት አስቀድመው ይንገሩት፣ የሚያድርበትን ዘመድ ቤትም ያመልክቱት።

ማንንም ሳይሰድቡ ከመኪና የሚወርዱበት ቃል ደግሞ አለን። ታክሲ የተሳፈረ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ምክንያት አይጠየቅበትም፣ ሽማግሌም ልጅም እኩል ይለዋል፣ ሾፌሩም ሳይቀየም ያቆማል፦ «ወራጅ አለ!» ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ሊለማመዱት ይችላሉ። አይሱዙ ላይ ከኋላ ለተጫነ ግን ድምፁ ጋቢና አይደርስም፤ እሱ ጣሪያውን በመዳፉ መደብደብ አለበት።